«ናኖ» የሚለው ቃልና የመርፌዋ ጫፍ፦ የቁስን ገጽ በአቶሚክ ፎርስ ማይክሮስኮፕ መለካት

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከቃሊቲ እስከ ቱሉ ዲምቱ፣ ከዚያም አልፎ በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች ዙሪያ፣ የሕንፃ መሣሪያና የመኪና ዕቃ በሚሸጡ ሱቆች ዘንድ «ናኖ» የሚለው ቃል እየተለመደ መጥቷል። እድፍ የማይዘው ሴራሚክ፣ ውሃ የማይቆምበት የመኪና መስታወት ቅባት፣ የማይጫር የስልክ ስክሪን መሸፈኛ፣ ሁሉም በዚህ ስም ይሸጣሉ። በሌላ በኩል ተራራና ሸለቆ የሚመስሉ በቀለም ያሸበረቁ ምስሎች «የአቶም ፎቶ» ተብለው በማኅበራዊ ሚዲያ ይዘዋወራሉ። ገዢው «ናኖ የተባለው በእርግጥ ናኖ መሆኑን ማን ለካው?» ይላል፤ ምስሉን ያየ ተማሪ ደግሞ «አቶም ፎቶ የሚነሣ ከሆነ በትምህርት ቤታችን ማይክሮስኮፕ ለምን አይታይም?» ብሎ ይጠይቃል።

ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ መሣሪያ ላይ ይገናኛሉ። እሱም አቶሚክ ፎርስ ማይክሮስኮፕ፣ በአማርኛ የአቶማዊ ኃይል ማይክሮስኮፕ ልንለው የምንችለው፣ በአጭሩ ኤኤፍኤም የሚባለው ነው። መሣሪያው ምን እንደሚለካ ሳይታወቅ በስሙ የሚቀርቡ ምስሎችንና ቁጥሮችን መቀበልም ሆነ መጣል ያስቸግራል፤ ከእነዚህ ቁጥሮች አንዱም ቢሆን የገጹ ብቻ አይደለምና። እያንዳንዱ ቁጥር ገጹ፣ የዳሰሰችው መርፌ፣ በመካከላቸው ያለው አየርና የተመረጠው የስሌት ቀመር በአንድነት የሚያስገኙት ውጤት ነው።

ገጽ ሲባል ምን ማለት ነው

የቁስ ገጽ የራሱ ጠባይ እንዳለው ለማየት ከጓዳ መውጣት አያስፈልግም። አዲስ የሸክላ ምጣድ ሳይሟሽ እንጀራ አይጋገርበትም። ምጣዱ ይጋላል፣ የተወቀጠ የጎመን ዘር ይነሰነስበታል፣ በጨርቅ እየታሸ ዘይቱ እንዲጠጣው ይደረጋል፤ ይህ ደጋግሞ ሲሠራ ገጹ ይጠቁራል፣ ይለሰልሳል፣ ማብረቅረቅም ይጀምራል። ሸክላው ያው ሸክላ ነው፤ ክብደቱም ውፍረቱም አልተለወጠም ማለት ይቻላል። ነገር ግን ትናንት ሊጥ ይይዝ የነበረው ምጣድ ዛሬ እንጀራውን ሳይቀድ ይለቃል።

በዚህ ሂደት ቢያንስ ሦስት ነገሮች ተለውጠዋል። የሸክላው ቀዳዳዎች በከፊል ስለተሞሉ ሸካራነቱ ቀንሷል። ዘይቱ በሙቀት እርስ በርሱ ተሳስሮ ጠንካራ ስስ ልባስ ስለሠራ የገጹ ኬሚካዊ ባሕርይ ተለውጧል። የሁለቱ ድምር ደግሞ ተጣባቂነቱን፣ ማለትም ሌላ ነገር ገጹን ነክቶ ሲላቀቅ የሚጠይቀውን ኃይል ቀንሶታል። ሸካራነት፣ ግትርነት፣ ተጣባቂነት፣ የግጭት መጠን፣ ውሃን የመሳብ ወይም የመግፋት ጠባይ የገጽ ባሕርያት የሚባሉት ናቸው። ከቁሱ ውስጣዊ ባሕርይ የሚለዩትም በገጹ ላይ ያሉ አቶሞች በአንድ ወገን ጎረቤት ስለሌላቸው ከውጭ ከሚመጣ ነገር ጋር ለመያያዝ ዝግጁ ሆነው ስለሚገኙ ነው።

አንድ ናኖሜትር የአንድ ሜትር ቢሊዮንኛ ክፍል ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት ከ 50,000 እስከ 100,000 ናኖሜትር ይደርሳል። ተራ ማይክሮስኮፕ የሚጠቀምበት የብርሃን ሞገድ ርዝመት ከ 400 እስከ 700 ናኖሜትር ስለሆነ ወደ 200 ናኖሜትር ገደማ ሲደርስ ተቀራራቢ ነጥቦችን መለየት ያቅተዋል። የተማሪው ጥያቄ መልስ እዚህ ላይ ነው። ችግሩ የሌንሱ ጥራት ማነስ አይደለም፤ ብርሃኑ ራሱ ለዚህ ሥራ በጣም ሰፊ ነው።

የሚዳስስ መሣሪያ

ኤኤፍኤም በብርሃን አያይም፤ ይዳስሳል። የመሣሪያው ልብ ካንቲሊቨር ይባላል። ቃሉን የአዲስ አበባ ግንበኞች ያውቁታል፤ ከሥሩ ምሰሶ ሳይኖረው ከሕንፃው ወጣ ብሎ የሚንጠለጠል በረንዳ ካንቲሊቨር ነው። በመሣሪያው ውስጥ ያለው ግን ከሲሊከን ወይም ከሲሊከን ናይትራይድ የተሠራ፣ ርዝመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ 100 እስከ 200 ማይክሮሜትር፣ ውፍረቱ ጥቂት ማይክሮሜትር የሆነ ስስ ምላስ ነው። ከምላሱ ጫፍ ሥር የጫፏ ራዲየስ 10 ናኖሜትር ገደማ የሆነ መርፌ ትገኛለች።

መርፌዋ ገጹን ስትነካ ወይም በጣም ስትቀርበው ምላሱ በጥቂቱ ይጎብጣል። በጀርባው ላይ የሚያርፍ የሌዘር ጨረር ተንጸባርቆ አራት ክፍል ባለው ብርሃን ተቀባይ ላይ ይወድቃል፤ ምላሱ በናኖሜትር ክፍልፋይ ቢጎብጥ እንኳ ርቆ የሚያርፈው የጨረር ነጥብ ጎልቶ ይንቀሳቀሳል። ናሙናውን ወይም መርፌዋን የሚያንቀሳቅሰው ፒየዞኤሌክትሪክ የሚባል፣ የኤሌክትሪክ ቮልቴጅ ሲሰጠው በጣም በጥቂቱ የሚረዝምና የሚያጥር ሴራሚክ ነው። ግብረ መልስ የሚባለው የቁጥጥር ሥርዓት የምላሱ ጉብጠት እንዳይለወጥ መርፌዋን ከፍ ዝቅ ያደርጋታል፤ ያ ከፍታና ዝቅታ ሲመዘገብ የገጹ ካርታ ይሆናል።

ስለዚህ የሚያሸበርቀው ምስል ፎቶግራፍ ሊባል አይችልም። በ 512 መስመርና በእያንዳንዱ መስመር 512 ነጥብ የተወሰደ ልኬት 262,144 የከፍታ ቁጥሮች ያሉት ሠንጠረዥ ነው። ወርቃማው ወይም ሰማያዊው ቀለም ቁጥሮቹን ለዓይን ለማቅረብ ሰው የመረጠው ነው። ከፍታው በምስሉ ላይ ብዙ ጊዜ ተለጥጦ ስለሚቀርብም እንደ መስታወት ለስላሳ የሆነ ገጽ የሰሜን ተራሮችን ሊመስል ይችላል፤ የምስሉን ዳር የከፍታ ሚዛን ሳያነቡ ስለ ገጹ መፍረድ የሚያሳስተው ለዚህ ነው።

የመሣሪያው ታሪክ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ 1981 ጌርድ ቢኒግና ሃይንሪክ ሮረር በዙሪክ የአይቢኤም ቤተ ሙከራ ስካኒንግ ተነሊንግ ማይክሮስኮፕ የተባለውን ሠሩ፤ በዚህም እ.ኤ.አ. በ 1986 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ከኤርንስት ሩስካ ጋር ተካፈሉ። ያ መሣሪያ ግን የሚሠራው ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ ገጽ ላይ ብቻ ስለነበር ቢኒግ፣ ካልቪን ኩዌትና ክሪስቶፍ ገርበር በዚያው በ 1986 ለሸክላም፣ ለቆዳም፣ ለፕላስቲክም የሚሆነውን ኤኤፍኤም አስተዋወቁ።

በማኅበራዊ ሚዲያ በብዛት ከሚዘዋወሩት ምስሎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ 2009 የዚያው ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች ያሳዩት የፔንታሲን ሞለኪውል ነው። አምስት የካርቦን ቀለበቶች ጎን ለጎን ተያይዘው በግልጽ ይታያሉ። ሆኖም ይህ የተገኘው አየር በሌለበት ክፍል፣ ከዜሮ በታች 268 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ በሆነ ቅዝቃዜ፣ ከመርፌዋ ጫፍ ላይ አንዲት የካርቦን ሞኖክሳይድ ሞለኪውል ተለጥፋ ነው። በጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ በተራ አየር የሚሠራ ኤኤፍኤም የናኖሜትር ክፍልፋይ የሆነ የከፍታ ልዩነት ይለያል፤ ነጠላ አቶሞችን አንድ በአንድ ማሳየት ግን የዕለት ሥራው አይደለም።

ከጤፍ ፍሬ ሦስት ሺህኛ

ከምስሉ ይልቅ ለቁስ ሳይንስ የበለጠ ዋጋ ያለው፣ በሕዝብ ወሬ ግን ፈጽሞ የማይነሣው፣ የኃይል ልኬቱ ነው። ካንቲሊቨሩ እንደ ሞላ ስለሚሠራ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚማሩት የሁክ ሕግ ይገዛዋል፤ ኃይሉ የሞላው ጽኑነት ሲባዛ በጉብጠቱ ነው። ጽኑነቱ በሜትር 0.1 ኒውተን የሆነ ምላስ በ 10 ናኖሜትር ቢጎብጥ የሚሰማው ኃይል 1 ናኖኒውተን ነው። የአንዲት የጤፍ ፍሬ ክብደት 0.3 ሚሊግራም ገደማ ነው ብንል፣ 1 ናኖኒውተን ማለት የዚያችን ፍሬ ክብደት ሦስት ሺህ ቦታ ከፍሎ አንዱን እንደ መመዘን ነው።

ልኬቱ እንዲህ ይካሄዳል። መርፌዋ በአንድ ነጥብ ላይ ሆና ወደ ገጹ ትወርዳለች። ጥቂት ናኖሜትር ሲቀራት በሞለኪውሎች መካከል ያለው የመሳሳብ ኃይል ከሞላው ጽኑነት ይበልጥና መርፌዋ ድንገት ዘልላ ገጹን ትነካለች። ከዚያ ስትገፋ ገጹ ግትር ከሆነ ምላሱ ብቻ ይጎብጣል፤ ለስላሳ ከሆነ መርፌዋ ትሰምጣለች። መግፋቱ አብቅቶ መርፌዋ ስትመለስ ወዲያው አትለቅም፤ ገጹ ይዟት ምላሱ ወደ ታች ይጎብጣል፣ በመጨረሻም በድንገት ትላቀቃለች። የመላቀቂያው ኃይል የተጣባቂነት ልኬት ነው። እንጀራ ከምጣድ ሲነሣ ዳሩ ለቅጽበት ይዞ እንደሚለቀው ዓይነት መሆኑ ነው፤ እዚህ ግን የሚላቀቀው ስፋት ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ነው። ይህ ሂደት የሚያስገኘው መስመር የኃይልና ርቀት ኩርባ ይባላል።

ከሰመጠችበት ጥልቀት ደግሞ የያንግ ሞጁለስ የሚባለው የግትርነት ልክ ይሰላል። ሥራው እዚህ ላይ ይከብዳል። ጉብጠቱን ወደ ኃይል ለመለወጥ በመጀመሪያ መርፌዋን እንደ ሳፋየር ባለ ጠንካራ ገጽ ላይ ጭኖ ብርሃን ተቀባዩን ማመሳከር ያስፈልጋል። ቀጥሎ የሞላው ጽኑነት ይለካል። በስፋት የሚሠራበት ዘዴ የሚያስደንቅ ነው፤ ምላሱ ማንም ሳይነካው በክፍሉ ሙቀት ብቻ ይንቀጠቀጣል፣ የመንቀጥቀጡም መጠን ጽኑነቱን ይናገራል። በሜትር 0.1 ኒውተን ጽኑነት ያለው ምላስ በክፍል ሙቀት በአማካይ 0.2 ናኖሜትር ያህል ይርገበገባል። በመጨረሻ የመርፌዋን ጫፍ ቅርጽ የሚገምት ቀመር ይመረጣል፤ በጣም የታወቀው ከ 19ኛው ክፍለ ዘመን የመጣው የኸርትስ ቀመር ነው። ይህ ቀመር ጫፉን እንደ ሉል ይቆጥረዋል፣ ተጣባቂነትንም ከቁጥር አያስገባም። የጫፉ ራዲየስ ከተገመተው እጥፍ ሆኖ ቢገኝ የተሰላው ግትርነት ከእውነተኛው በ 40 በመቶ ገደማ ይበልጣል፤ በሪፖርቱ ላይ ግን ቁጥሩ እንደ ሌላው ሁሉ ንጹሕ ሆኖ ይታያል።

ኃይሉ ትንሽ ነው ማለት ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። 1 ናኖኒውተን ራዲየሱ 2 ናኖሜትር በሆነ ክብ ላይ ሲያርፍ ግፊቱ ወደ 80 ሜጋፓስካል ይደርሳል፤ በባሕር ወለል ካለው የአየር ግፊት ወደ 800 እጥፍ ነው። ለስላሳ ናሙናዎች መርፌዋ ያለማቋረጥ ስትጎተትባቸው የሚቀደዱት በዚህ የተነሣ ነው። ችግሩን ለማቃለል ምላሱ በሰከንድ በአሥር ሺዎችና በመቶ ሺዎች ጊዜ እየተርገበገበ ገጹን ለአፍታ ብቻ መታ መታ እያደረገ የሚያልፍበት ታፒንግ የሚባል የአሠራር ስልት ተፈጥሯል።

አንድ ናሙና፣ ብዙ ቁጥር

ሁለት ቤተ ሙከራዎች አንድን ናሙና ለክተው የተለያየ ቁጥር ቢያቀርቡ አንዱ ዋሽቷል ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። የዲኤንኤ ሞለኪውል ውፍረት 2 ናኖሜትር መሆኑ የታወቀ ነው፤ በኤኤፍኤም ምስል ላይ ግን ወርዱ 10 ናኖሜትርና ከዚያም በላይ ሆኖ ይታያል። ደብዛዛ መርፌ ቀጭን ነገርን ስትዳስስ የራሷን ውፍረት ጨምራ ትመዘግባለች። በተቃራኒው ወደ ጠባብ ስንጥቅ መግባት ስለማትችል ጥልቀቱን አሳንሳ ታሳያለች፤ መርፌዋ ባረጀች ቁጥር ሸካራው ገጽ ለስላሳ እየመሰለ ይሄዳል። ይህ ለሻጭ የሚመች ስሕተት ስለሆነ በተለይ ሊጠበቁት ይገባል።

የሸካራነት ቁጥሮች በብዛት የሚገለጹት አርኤ በሚባለው የከፍታ ልዩነቶች አማካይ ወይም አርኪው በሚባለው የካሬዎቻቸው አማካይ ሥር ነው። ሁለቱም በተዳሰሰው ስፋት ላይ ይመሠረታሉ። በአንድ ማይክሮሜትር ስፋት ውስጥ የሚታየው ትንንሽ ጉብታ ብቻ ሲሆን፣ በ 50 ማይክሮሜትር ስፋት ግን የማሽን ጭረትና ሰፊ ሞገድ አብሮ ስለሚገባ የአንድ ገጽ ሸካራነት ብዙ እጥፍ ሊጨምር ይችላል። የተዳሰሰውን ስፋት ሳይጠቅስ «ሸካራነቱ 2 ናኖሜትር ነው» የሚል ሪፖርት፣ መስፈሪያው ቁና ይሁን ጣሳ ሳይነገር «ሦስት ሰፈርኩ» እንደ ማለት ነው።

የአዲስ አበባ አየር የራሱ ድርሻ አለው። በተራ አየር ውስጥ ባለ በአብዛኛው ገጽ ላይ ስስ የውሃ ሽፋን አለ። መርፌዋ ስትጠጋ ውሃው በመካከል ድልድይ ሠርቶ ይስባታል፤ ይህ የካፒላሪ ኃይል ይባላል። የጫፏ ራዲየስ 10 ናኖሜትር ከሆነ ኃይሉ እስከ 9 ናኖኒውተን ሊደርስ እንደሚችል ይሰላል፤ ሊለካ የተፈለገውን የገጹን የራሱን ተጣባቂነት ሊውጠው ይችላል ማለት ነው። በጥር ደረቅ አየር የተለካ ናሙና በነሐሴ ዝናብ መካከል እንደገና ቢለካ ተጣባቂነቱ ተለውጦ ቢገኝ ናሙናው ተበላሽቷል ማለት ላይሆን ይችላል። የክፍሉ እርጥበት በመቶኛ አብሮ ካልተመዘገበ ግን ሁለቱን መለየት አይቻልም።

የከፍታው ጉዳይ ደግሞ እምብዛም አይነሣም። ከተማዋና ዳርቻዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ 2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆኑ የአየሩ ጥግግት ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። አየር የሚርገበገበውን ምላስ ያዳክመዋል፤ ጽኑነቱን ለማስላት ከሚያገለግሉት ዘዴዎች አንዱም የአየሩን ጥግግት በቀመሩ ውስጥ ያስገባል። ሶፍትዌሩ በባሕር ወለል ዋጋ ተሞልቶ ከመጣና ማንም ካላስተካከለው ስሕተቱ በጸጥታ ወደ እያንዳንዱ ውጤት ይሻገራል።

ይህ ሁሉ መሣሪያው አይታመንም የሚያሰኝ አይደለም። አንዳንድ ተመራማሪዎች በተለይ ሕያው ሕዋሳትን በተመለከተ ከአንዱ ቤተ ሙከራ ወደ ሌላው የሚለያዩ ቁጥሮችን እያዩ፣ ኤኤፍኤም ለማወዳደር እንጂ ትክክለኛ ዋጋ ለመስጠት አይሆንም ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ልዩነቱ የመጣው ከአሠራር አለመመሳሰል ነው ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ 2017 በርካታ የአውሮፓ ቤተ ሙከራዎች አንድ ወጥ የማመሳከሪያ ሥርዓት ተከትለው አንድ ዓይነት ለስላሳ ጄልና ሕዋስ ሲለኩ የውጤቶቻቸው መራራቅ በግልጽ ቀንሷል። ይህ ለሁለተኛው ወገን ሚዛን ይደፋል፤ የመጀመሪያው ወገን ጥንቃቄ ግን ማመሳከሪያው ባልተሠራበት ቦታ ሁሉ ልክ ሆኖ ይቀጥላል።

የሱቁ «ናኖ» በዚህ ሚዛን

ጎኑና ቁመቱ 30 ሴንቲሜትር የሆነ አንድ ሴራሚክ እንውሰድ። በኤኤፍኤም ላይ ጎኑ 10 ማይክሮሜትር የሆነ ስፍራ ብንዳስስ፣ ሴራሚኩ ከተዳሰሰው ቦታ በ 900 ሚሊዮን እጥፍ ይሰፋል። አንድ ውብ ምስል ስለዚያች ነጥብ እውነቱን ይናገራል፤ ስለ ካርቶኑ ሙሉ ሴራሚክ ግን ዝም ይላል። ልባሱ ናኖሜትራዊ መሆኑን ማሳየት ቢቻል እንኳ ገዢው የሚፈልገውን አይመልስም። ገዢው ማወቅ የሚፈልገው የሻይ እድፍ ይለቅ እንደሆነና ልባሱ ከዓመት መወልወል በኋላ ይኖር እንደሆነ ነው። ይህን የሚመልሱት የውሃ ጠብታ በገጹ ላይ የሚሠራውን ማዕዘን መለካት፣ የመፈተግ ሙከራና የእድፍ ሙከራ ሲሆኑ፣ ሦስቱም ከኤኤፍኤም እጅግ ይረክሳሉ።

የጣሪያ ቆርቆሮም እንዲሁ ነው። የዝገት መከላከያ የሆነው ዚንክ በአንድ ካሬ ሜትር 275 ግራም በሁለቱም ፊት ከተለበጠ በእያንዳንዱ ፊት ውፍረቱ 20 ማይክሮሜትር ይጠጋል። መርፌዋ ከላይ ስለምትዳስስ የልባሱን ውፍረት አታውቅም፤ ተራ የልባስ መለኪያ ግን በሰከንዶች ይናገራል። ምጣዱም ቢሆን በሙሉ ገጹ ለኤኤፍኤም አይመችም፤ የመሣሪያው የከፍታ አቅም አብዛኛውን ጊዜ ከ 10 እስከ 15 ማይክሮሜትር ስለሆነ የሸክላው ጉድጓድ ከዚያ ያልፋል። ከምጣዱ ላይ ሊለካ የሚችለው በማሟሸት የተፈጠረው ልባስ ልሙጥ ሆኖ የተኛበት ትንሽ ቦታ ነው፤ የልባሱን ተጣባቂነት ካልተሟሸ ሸክላ ጋር ማወዳደር ደግሞ በእኔ ግምት በአገራችን አንድ የማስተርስ ተማሪ ሊደክምበት የሚገባ ርዕስ ነው።

በዳርቻው ፋብሪካዎች በኩል ሲታይ

ጥያቄው ራሱ ናኖሜትራዊ በሆነበት ቦታ ግን ኤኤፍኤምን የሚተካ መሣሪያ በቀላሉ አይገኝም። በአቃቂ፣ በሰበታና በሞጆ መስመር የሚሠራውን የቆዳ ኢንዱስትሪ እንመልከት። ቆዳ የተሠራው ኮላጅን ከሚባል ፕሮቲን ክሮች ነው። እነዚህ ክሮች በኤኤፍኤም ሲታዩ በየ 67 ናኖሜትሩ የሚደጋገም ደማቅና ደብዛዛ ቀለበት አላቸው። ቆዳ በሙቀትና በእርጥበት ሲጎዳ ኮላጅኑ ወደ ጄላቲን ስለሚለወጥ ቀለበቶቹ ይጠፋሉ። ስለዚህ በእጅ ሲዳሰስ ገና ጤነኛ የሚመስል ቆዳ ውስጡ መጎዳት መጀመሩን የቀለበቶቹ መደብዘዝ ሊያሳብቅ ይችላል። ያው ዘዴ በብራና ላይም ስለሚሠራ ለጥንታዊ መጻሕፍቶቻችን ጥበቃ ያለው ትርጉም ትልቅ ነው፤ ከብራናው ዳር ከወደቀች ትንሽ ቁራጭ ላይ ልኬቱን መውሰድ ይቻላልና ገጾቹን መንካት አያስፈልግም።

በቂሊንጦ ለመድኃኒት አምራቾች የተዘጋጀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ሌላው ምሳሌ ነው። እንክብል በሚጫንበት ጊዜ ዱቄቱ ከመጫኛው ብረት ላይ እየተጣበቀ የእንክብሉን ፊት የሚያበላሽበት ችግር በመድኃኒት ፋብሪካዎች የታወቀ ነው። ከመርፌዋ ቦታ የመድኃኒቱን አንዲት ቅንጣት በካንቲሊቨሩ ላይ ለጥፎ፣ ብረቱን እየነካ ሲላቀቅ ያለውን ኃይል መለካት ይቻላል። የትኛው የብረት ልባስ እንደሚሻል፣ እርጥበቱ ከየትኛው መጠን ሲያልፍ መጣበቁ እንደሚጨምር በዚህ መንገድ ከምርቱ በፊት ይታወቃል። ወደ ሳንባ በሚሳቡ የዱቄት መድኃኒቶች ዘንድ ጉዳዩ ከዚህም ይከብዳል፤ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ከተጣበቁ መድኃኒቱ ጉሮሮ ላይ ይቀራል።

ይገዛ ወይስ አይገዛ

ስለ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች ሲነሣ ሁለት ሐሳቦች ይጋጫሉ። አንደኛው ወገን መብራት በሚቆራረጥበትና የውጭ ምንዛሪ በሚያጥርበት አገር ዋጋው ከአሥር ሺዎች እስከ መቶ ሺዎች ዶላር የሚደርስ መሣሪያ ቅንጦት ነው፣ ብዙዎቹም ተገዝተው አቧራ ለብሰው ይቀመጣሉ ይላል። ሌላው ወገን ናሙናን ወደ ውጭ እየላኩ መኖር ተማሪውን የሌላ ሰው ምስል ተርጓሚ አድርጎ ያስቀረዋል፣ የአገር ውስጥ አምራችም ጥራቱን በራሱ ቋንቋ መከራከር አይችልም ይላል። ሁለቱም እውነት ይዘዋል። የመጀመሪያው ወገን ስሕተት ወጪውን በግዢው ዋጋ ብቻ መመልከቱ ነው፤ እያንዳንዷ መርፌ በአሥር የሚቆጠር ዶላር የምታወጣ፣ በጥቂት ቀን ሥራም የምትደበዝዝ ስለሆነች ትልቁ ወጪ ከግዢው በኋላ የሚመጣው ነው። የሁለተኛው ወገን ስሕተት ደግሞ መሣሪያው ሲገባ ዕውቀቱ አብሮ ይገባል ብሎ ማሰቡ ነው።

ሚዛናዊ የሚመስለው መንገድ እያንዳንዱ ተቋም ለየብቻው ከመግዛት ይልቅ ዩኒቨርሲቲዎችና ፋብሪካዎች በጋራ የሚጠቀሙበት፣ ቋሚ ደመወዝተኛ ባለሙያ ያለው አንድ ማዕከል ማቋቋም ነው። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም የመድኃኒት ፓርኩም በአንድ አካባቢ፣ በቂሊንጦ፣ መሆናቸው ለዚህ የሚመች አጋጣሚ ነው። በጋራ ማዕከል ላይ የሚነሣው ቅሬታ ወረፋ ይበዛል የሚል ነው፤ ትክክል ነው፣ ይበዛል። ሆኖም አንድ የ 512 መስመር ልኬት በሰከንድ አንድ መስመር ሲሠራ የሚፈጀው ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ስለሆነ፣ ጊዜ የሚበላው ልኬቱ ሳይሆን ናሙና ማዘጋጀቱና ማመሳከሩ ነው። ለእነዚህ ሥራዎች በየተቋሙ ሰው አስቀድሞ ማሠልጠን ወረፋውን ያሳጥራል።

ቦታ መምረጡ ደግሞ ከሚገመተው በላይ ከባድ ነው። የአቃቂና የቃሊቲ መንገዶች ቀን ከሌሊት ከባድ ተሽከርካሪ የሚመላለስባቸው ናቸው፤ የተጫነ ሲኖትራክ ሲያልፍ ወለሉ የሚንቀጠቀጠው በዝቅተኛ ድግግሞሽ ስለሆነ መከላከያው አስቸጋሪ ነው። ንዝረቱ በምስሉ ላይ እኩል ርቀት ያላቸው ሰያፍ መስመሮች ሆኖ ይታያል፣ ልምድ የሌለው ሰውም የገጹ ጠባይ አድርጎ ሊያነበው ይችላል። ለመለየት ያለው ዘዴ ቀላል ነው፤ የመዳሰሻው ፍጥነት ሲቀየር የእውነተኛው ገጽ መስመሮች ባሉበት ይቆያሉ፣ የንዝረቱ ግን ርቀታቸውን ይለውጣሉ። ከሁሉ የሚሻለው ግን መሣሪያው ከመታዘዙ በፊት በታሰበው ክፍል፣ በምድር ቤት ወለል ላይ፣ የንዝረት መለኪያ ለአንድ ሙሉ ሳምንት ማስቀመጥ ነው። የገበያ ቀን ከእሑድ፣ ቀኑም ከሌሊቱ ተለይቶ ይመዘገባል። የእርጥበትና የሙቀት መዝጋቢም አብሮ ይቀመጣል፤ እሱ ግን ሳምንት አይበቃውም፣ ቢያንስ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ሊያሳልፍ ይገባል።